ከመውደቅ በፊት ያለችው ቅጽበት
የተመልካች ግምትና የፊት ገጽታ በካርቱን ፊልም ሳቅ ውስጥ

ሳቅ ከኪነ ጥበብ ፍሬዎች ሁሉ ቀላሉ ይመስላል፤ ለጠቢቡ ግን ከሁሉ የከበደው ነው። ኀዘንን በመድረክ ላይ አሳምሮ መግለጽ ያቃተው ተዋናይ ቢያንስ በጨዋ ዝምታ ይሸኛል። ሳቅን አስቦ ያልሆነለት ግን እዚያው ይጋለጣል፤ አዳራሹ ጸጥ ካለ ጸጥ ብሏል፣ ማስተባበያ አይገኝለትም። ብዙዎች አቋራጭ የሚፈልጉት ይህን መጋለጥ በመፍራት ይመስላል። አቋራጩም የታወቀ ነው፦ ፊትን ማጣመም፣ ዓይንን ማጉረጥረጥ፣ ድምፅን ማቅጠን፣ በመጨረሻም ተደናቅፎ መውደቅ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አቋራጭ ከሳቅ ደጃፍ እንደማያደርስ ማሳየት ነው። ተመልካች የሚስቀው በውድቀቱ አይደለም። የሚስቀው ከመውደቅ በፊት ባለችው ቅጽበት፣ ወዳቂው የሚያውቀውና ተመልካቹ የሚያውቀው ሲለያዩ ወይም ድንገት ሲገናኙ ነው። ይህችን ቅጽበት የሚሸከሟት ሁለት ምሰሶዎች አሉ፤ አንደኛው የተመልካቹ ግምት፣ ሁለተኛው የገጸ ባሕርዩ ፊት።

ለክርክራችን ማስረጃ አድርገን የመረጥነው በተለምዶ ካርቱን ብለን የምንጠራውን፣ በሥዕል ወይም በአሻንጉሊት የሚሠራውን ተንቀሳቃሽ ፊልም ነው። ምርጫው አንዳንዱን አንባቢ ያስገርመው ይሆናል፤ ካርቱን የልጆች መዋያ ነው የሚል አስተያየት ዛሬም አልጠፋምና። ሆኖም የሳቅን ሕግ ለሚመረምር ሰው ከዚህ የተሻለ መስክ አይገኝም። ተዋናይ ፊቱን ይዞት ይወለዳል፤ በመድረክ ላይም ሳያስበው ዓይኑ ይርገበገባል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። የካርቱን ገጸ ባሕርይ ግን ሠዓሊው ካልሰጠው በቀር ቅንድብ እንኳ የለውም። በአንድ ሴኮንድ 24 ነጠላ ምስሎች በተመልካቹ ዓይን ፊት ያልፋሉ፤ ከነዚህም ውስጥ በአጋጣሚ የገባ አንድም የለም። በሰው ተዋናይ ላይ ተሸፍኖ የሚያልፈው ነገር ሁሉ እዚህ አደባባይ ይወጣል።

መንደርደርና መገመት

በዋልት ዲስኒ ስቱዲዮ ረጅም ዘመን የሠሩት ፍራንክ ቶማስና ኦሊ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የሙያቸውን 12 መርሆዎች ዘርዝረዋል። ከነዚህ አንዱ በአማርኛ «መንደርደር» ብንለው የሚስማማ ነው። የሚዘል ሰው አስቀድሞ ጉልበቱን ያጥፋል፤ ድንጋይ የሚወረውር ክንዱን ወደ ኋላ ይስባል፤ ሮጦ ሊያመልጥ ያሰበ ገላውን ሰብሰብ ያደርጋል። ሠዓሊው ይህን መሰናዶ ካላሳየ ዋናው ድርጊት ከተመልካቹ ዓይን ያመልጣል። ስለዚህ መንደርደር ከሁሉ አስቀድሞ ለተመልካቹ «እዚህ ተመልከት፣ አሁን የሚሆነው ይህ ነው» የሚል ምልክት ነው።

ይህ የአካል መንደርደር ነው። ከዚህ የተለየ፣ ግን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ሁለተኛ መጠበቅ አለ፤ እርሱም ተመልካቹ ስለ ታሪኩ ሂደት በአእምሮው የሚይዘው ግምት ነው። ደፍ ላይ የተጣለውን የሙዝ ልጣጭ አይተናል፤ ሰውየው እያፏጨ ይመጣል፤ እኛ የምናውቀውን እርሱ አያውቅም። እርሱ ገና ሦስት እርምጃ ሲቀረው እኛ በልባችን አንድ ጊዜ አንሸራትተን ጥለነዋል። የመጀመሪያው መጠበቅ የሚካሄደው በገጸ ባሕርዩ ጉልበትና ክንድ ላይ ነው፤ ሁለተኛው በተመልካቹ ራስ ውስጥ።

እነዚህ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ፊት ነው። ጉልበት ለዝላይ እንደሚንደረደር ሁሉ ፊትም ለሐሳብ ይንደረደራል። ቅንድብ ሲሰበሰብ ጥርጣሬ፣ የከንፈር ዳር ከፍ ሲል ተንኮል፣ ዓይን ወደ ጎን ሲሄድ ፍርሃት ሊመጣ እንደሆነ እናውቃለን። በካርቱን ፊልም ፊት የተፈጸመ ስሜት ማስታወቂያ ሲሆን ይደርቃል፤ ገና የሚመጣ ሐሳብ መንደርደሪያ ሲሆን ግን ሕይወት ይዘራል። አጣሞ መሣልና አሳስቦ መሣል የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። የተጣመመ ፊት «ይኸው ሳቁልኝ» ይላል። የሚያስብ ፊት ስለ እኛ ምንም አይልም፤ በራሱ ጉዳይ ተጠምዷል፤ የምንስቀውም ስለዚሁ ነው።

ሙጫ ወረቀትና ውሻ

ይህ ግንዛቤ በሙያው ውስጥ ጎልቶ የወጣበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1934 የተሠራው «ፕሌይፉል ፕሉቶ» ነው። በዚህ አጭር ፊልም ውስጥ ፕሉቶ የተባለው ውሻ ዝንብ ከሚይዝ ሙጫ ወረቀት ጋር የሚታገልበት ክፍል አለ። ሐሳቡን ያፈለቀው ዌብ ስሚዝ፣ የሣለው ኖርማን ፈርጉሰን ነው። ታሪኩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልቃል፦ ወረቀቱ ውሻው ላይ ይጣበቃል፤ ውሻው ከአንዱ አካሉ ሊያላቅቀው ሲሞክር በሌላው ይጣበቅበታል።

በዚያን ጊዜ የብዙ ካርቱኖች ገጸ ባሕርያት በሙዚቃ ምት የሚለጠጡና የሚጨማተሩ ጎማዎች ነበሩ። የፈርጉሰን ውሻ ግን ቆም ይላል፤ ወረቀቱን ያጤናል፤ ዘዴ ያወጣል። ፊቱ ላይ ሐሳቡ ሲመጣ እናያለን፤ ሐሳቡ ሲደርስም ፊቱ ይፈካል። በዚህ ጊዜ እኛ አስቀድመን አውቀነዋል፤ ያ ዘዴ ወረቀቱን ወደ ሌላ እግር ከማዛወር በቀር የሚፈይደው የለም። እንግዲህ ሳቁ የሚፈነዳው ወረቀቱ ሲጣበቅ ነው ብሎ የሚያስብ ተሳስቷል። ሳቁ የሚጀምረው ውሻው «አገኘሁት!» ባለ ጊዜ ነው። መጣበቁ ለሳቁ ማኅተም ብቻ ነው።

ፕሬስተን ስተርጅስ የተባለው የአሜሪካ ፊልም ደራሲና አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1941 በሠራው «ሰሊቫንስ ትራቭልስ» ውስጥ ይህንኑ የውሻ ክፍል አስገብቶታል። የታሪኩ ባለቤት የድሆችን መከራ የሚያሳይ ቁም ነገረኛ ፊልም ለመሥራት የሚመኝ የፊልም አዘጋጅ ነው፤ ክፉ ዕጣ ያጋጥመውና እስረኛ ሆኖ በከባድ ሥራ ላይ ይወድቃል። አንድ ምሽት እስረኞቹ በሰንሰለት ታስረው ወደ አንድ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ይወሰዳሉ፤ በዚያም የፕሉቶ ፊልም ይታያል። ምእመናኑና እስረኞቹ አብረው ይስቃሉ፤ ያ ሳቅን ሲንቅ የኖረ ሰውም ራሱን ሲስቅ ያገኘዋል።

ይህ ትዕይንት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሳቅ ለተጨነቀ መጽናኛ ነው ለማለት ነው። ነገሩ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ስተርጅስ የመረጠው ማንኛውንም ካርቱን ሳይሆን ይህን ነው። አንድ እጁን ሊያስፈታ ሲታገል ሌላ እጁ የሚታሰርበትን ፍጥረት የሚያዩት እግራቸው በሰንሰለት የታሰረ ሰዎች ናቸው። የውሻውን ግንባር መሸብሸብ ከነርሱ የበለጠ የሚያነብ ማን አለ? የተመልካች ግምት ከአየር አይመጣም፤ ከኑሮው ይመጣል። ጥሩ የካርቱን ፊት ተመልካቹ በኑሮው ያጠራቀመውን ዕውቀት ይጠራዋል እንጂ አዲስ አያስተምረውም።

የገደሉ ጠርዝ

የግምትንና የፊትን ጥምረት እንደ መሐንዲስ ለክቶ የሠራው ቻክ ጆንስ ነው (1912–2002)። ጆንስ ከደራሲው ከማይክል ማልቲዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ1949 ለዋርነር ብራዘርስ «ፋስት ኤንድ ፈሪየስ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ኮዮቴ ተብሎ የሚጠራ፣ የቀበሮ ዘመድ የሆነ የሰሜን አሜሪካ አውሬ ሮድ ረነር የተባለችውን ፈጣን ወፍ በምድረ በዳ ያሳድዳል፤ ለዘለዓለም አይዛትም። ንግግር የለም። ተከታታዩ ፊልሞች ሁሉ በዚሁ አንድ ሐሳብ ላይ ቆመዋል።

ከነዚህ ፊልሞች የሚታወቀውን አንድ ድርጊት ከፋፍለን እንመልከት። ኮዮቴው በሙሉ ፍጥነት ሲሮጥ ገደሉ ያልቅበታል፤ እርሱ ግን በአየር ላይ ሩጫውን ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ፊቱ የአሸናፊ ፊት ነው፤ እኛ እናውቃለን፣ እርሱ አያውቅም። ቀጥሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አንድ ነገር ቅር ይለዋል፤ ጆሮው ዘንበል፣ ዓይኑ ጠበብ ይላል። በእግሩ ይዳስሳል፤ መሬት የለም። ወደ ታች ያያል። ከዚያም ወደ እኛ ዞሮ ይመለከተናል። የሚወድቀው ከዚህ በኋላ ነው።

በዚህ ዓለም የመሬት ስበት ሥራውን የሚጀምረው አካል ከገደል ሲወጣ ሳይሆን ዕውቀት ፊት ላይ ሲደርስ ነው። ጆንስ የፊዚክስን ሕግ የሻረው ለዘፈቀደ አይደለም፤ ፊት ለማሰብ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከስበት ላይ ቀምቶ ለተመልካቹ ለመስጠት ነው።

ያች ወደ ተመልካች የምትወረወር እይታ የተለየ ትኩረት ይገባታል። እኛ የቲያትር ሰዎች ተዋናይ ከድርጊቱ ወጥቶ ለተመልካች የሚናገርበትን ዘዴ እናውቀዋለን፤ አላግባብ ሲሠራበትም ዘወትር እናያለን። ደካማ ተዋናይ ወደ አዳራሹ የሚዞረው ሳቅ ሊለምን ነው። ኮዮቴው ግን የሚዞረው እማኝ እንዳለበት ትዝ ስላለው ነው። በፊቱ ላይ ያለው ልመና ሳይሆን የተያዘ ሰው ኀፍረት ነው፦ «አይታችኋል ማለት ነው» የሚል። በዚያች ቅጽበት የእርሱ ዕውቀትና የእኛ ዕውቀት ይገናኛሉ። እስካሁን በእርሱ ላይ እንስቅ ነበር፤ አሁን ግን ከእርሱ ጋር እንስቃለን፤ ሁላችንም በየፊናችን ገደል ያለቀብን ጊዜ ነበርና።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው አወዳደቅም በቁጥር የተለካ ነው። ጆንስ እንዳስረዳው ኮዮቴው ከላይ ሲታይ እያነሰ ሄዶ እስኪሰወር 18 ነጠላ ምስሎች ይፈጃል፤ ከተሰወረ በኋላ መሬት እስኪነካ 14 ይቆጠራሉ። 13 ቢሆን አያስቅም፤ 15ም ቢሆን አያስቅም ባይ ነበር። በሰዓት ቋንቋ መሰወሩ ሦስት ሩብ ሴኮንድ፣ ዝምታው ከግማሽ ሴኮንድ እምብዛም የማይበልጥ ነው። የዚህ ጥቂት ዝምታ ጥቅም ምንድን ነው? ተመልካቹ ግጭቱን በገዛ ጆሮው ከመስማቱ በፊት በልቡ እንዲሰማው ጊዜ መስጠት ነው። አንዲት ምስል ብትቀነስ ተመልካቹ ይቀደማል፤ አንዲት ብትጨመር ይሰለቻል። ግጥም የሚጽፍ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የቤት መድፊያው አንዲት ቀለም ብትተርፈው ወይም ብትጎድለው ግጥሙ ሁሉ እንደሚያነክስ ያውቃልና።

ግምት መሟላት ብቻ ከሆነ ግን አሰልቺ ነው። ጆንስና ማልቲዝ ይህን ያመለጡበት መንገድ ቀላል ነው፦ መውደቁን አስታውቀው አወዳደቁን ይሰውሩታል። በመጀመሪያው ፊልም ላይ ኮዮቴው በአለት ላይ የዋሻ መንገድ ሥዕል ይሥላል፤ ወፏ ከአለቱ ጋር እንድትላተም ነው። እኛም መላተሟን ወይም መትረፏን እንጠብቃለን። ወፏ ግን በተሣለው ዋሻ ውስጥ ሰተት ብላ ታልፋለች። አሁን ግምታችን ተገለበጠ፤ «እንግዲያው ዋሻው እውነተኛ ሆኗል» አልን። ኮዮቴውም እንደ እኛ አሰበ፤ ሮጦ ገባ፤ ከአለቱ ጋር ተላተመ። ሁለት ጊዜ ተታለልን፤ ሁለተኛውን ግን ከእርሱ ጋር አብረን ነው የተታለልነው።

ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ለነዚህ ፊልሞች ያወጣቸውን ሕጎች ጽፏል። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ ለርእሳችን ይጠቅማሉ፦ ኮዮቴውን የሚጎዳው የራሱ ስንፍና ወይም ከአክሚ ኩባንያ ያስመጣው ዕቃ ብልሽት እንጂ የውጭ ኀይል አይደለም፤ ማሳደዱን በፈለገ ጊዜ ማቆም ይችላል፣ አክራሪ ባይሆን ኖሮ፤ የተመልካቹም ርኅራኄ ከእርሱ ጋር መሆን አለበት። እነዚህ ሕጎች የጨዋነት ሕጎች ናቸው። ሳቅ በተበደለ ላይ ሲሆን ጭካኔ ይሆናል። ራሱን ባጠመደ ላይ ሲሆን፣ ያም ሰው ማጥመዱን ፊቱ ላይ ሲያምን፣ ሳቁ ወደ ራሳችን ይመለሳል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን የዚያው ተከታታይ ፊልም ውድቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 እና በ1966 ሩዲ ላሪቫ በተባለ ሌላ አዘጋጅ 11 ተመሳሳይ ፊልሞች በጠባብ በጀት ተሠርተዋል። ገጸ ባሕርያቱ እነዚያው፣ ምድረ በዳውም ያው ነው። ነገር ግን ሥዕሎቹ ጥቂት፣ እንቅስቃሴውም የተቆጠበ ሆነ፤ ቁጠባውም በቀጥታ ያረፈው በፊት ላይ ነበር። ገደሉ አለ፣ መውደቁ አለ፣ ጩኸቱም አለ፤ ቅጽበቲቱ ግን የለችም። ሳቁ ከመውደቁ ቢሆን ኖሮ እነዚያም ፊልሞች ባሳቁ ነበር።

የማይለወጥ ፊት

እስካሁን የተናገርነው ስለሚለዋወጥ ፊት ነው። ሆኖም ክርክራችን ምሉዕ እንዲሆን ተቃራኒውን መመርመር ይገባል፤ ፈጽሞ የማይለወጥ ፊት እንዴት ያስቃል?

ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ የሶቪየቱ ሌቭ ኩሌሾቭ ያደረገውን ሙከራ ፑዶቭኪን ተርኮታል። አንድ ተዋናይ ያለ ምንም ስሜት ሲመለከት የተነሳ ምስል ከሾርባ ሳሕን፣ ከሬሳ ሣጥንና ከምትጫወት ሕፃን ጋር በየተራ ተቀጠለ፤ ተመልካቾችም ረሀቡን፣ ኀዘኑንና ደስታውን እንዴት ረቂቅ አድርጎ ገለጸው ብለው አደነቁ። ፊቱ ያው ነበር፤ የገለጸው ተመልካቹ ነው። ከድምፅ አልባ ፊልም ባለሟሎች ባስተር ኪተን ቤት ሲፈርስበትም፣ ባቡር ሲያመልጠውም ፊቱን ባለመለወጡ ሲያስቅ የኖረው ይህንኑ ምሥጢር በማወቁ ነው።

በካርቱን ዓለም ይህን ከፍ ካለ ደረጃ ያደረሰው የእንግሊዛዊው ኒክ ፓርክ «ዘ ሮንግ ትራውዘርስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በጭቃ መሰል ፕላስቲሲን የተሠራ፣ ርዝመቱ ግማሽ ሰዓት ያህል የሆነ ፊልም። ዋላስ የተባለው የዋህ ፈልሳፊ ከውሻው ከግሮሚት ጋር ይኖራል፤ ገንዘብ ስላጠረው ክፍል ያከራያል፤ ተከራዩ ፔንግዊን ነው፤ ፔንግዊኑም ሌባ ነው።

ግሮሚት አፍ የለውም። ያለው ዓይንና ከዓይኑ በላይ ያለው የግንባሩ ሥጋ ብቻ ነው። ጌታው ሞኝነት ሲናገር ያ ግንባር በጥቂቱ ዝቅ ይላል፤ ሌላ ምንም አይሆንም፤ እኛ ግን አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሰምተናል። ፔንግዊኑ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው፤ ሁለት ጥቁር ዶቃ የሚያካክሉ ዓይኖች አሉት፣ ቅንድብ የለውም፣ አይናገርም። በራሱ ላይ ቀይ የጎማ ጓንት ሲያጠልቅ ዶሮ መስሎ የሚፈለገው ወንጀለኛ ይሆናል፤ ፊቱ ግን ያው ነው። ዋላስ ጓንቱ ሲወልቅ ብቻ «አንተ ነህ እንዴ!» ብሎ ይደነግጣል። ይህን ስናይ የምንስቀው ለምንድን ነው? ፓርክ በፔንግዊኑ ፊት ላይ ምንም ባለመጻፉ እኛ ተንኮሉን ሁሉ ጽፈንበታል፤ እኛ በጉልህ የምናነበውን ዋላስ አያነበውም። የተመልካች ግምት ሙሉውን ሥራ ሲሠራ ይህን ይመስላል።

በፊልሙ መጨረሻ ላይ ማሳደዱ በቤት ውስጥ በአሻንጉሊት ባቡር ይካሄዳል። ሐዲዱ ያልቃል፤ ግሮሚት ባቡሩ ላይ ተቀምጦ ከሣጥን የሐዲድ ቁራጭ እያወጣ ከፊቱ ይዘረጋል። እያንዳንዱ ቁራጭ አዲስ ገደል ነው፤ እያንዳንዱም ቁራጭ ሲገጠም ግምታችን ይሟላና ወዲያው ይታደሳል። በዚህ ሁሉ የግሮሚት ፊት ምን ያደርጋል? አይጮኽም፣ አያጉረጠርጥም። በሥራው ላይ እንዳለ ሠራተኛ አተኩሯል። ያ ቁም ነገረኛነት ባይኖር ኖሮ ትዕይንቱ ጫጫታ ብቻ ይሆን ነበር።

ለእኛ የሚተርፈን

አሁን «ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይጠቅማል?» የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው። ዛሬ በሀገራችን ወጣቶች በኮምፒዩተር ካርቱን መሥራት ጀምረዋል። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ዝግጅት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ፀሐይ በተባለች የቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት በቴሌቪዥን ለሕፃናት ሲቀርብ ቆይቷል። ይህ መስክ እያደገ በሄደ ቁጥር ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል።

የመጀመሪያው ተመልካችን መናቅ ነው። «የእኛ ተመልካች ካልጮኹለት አይስቅም» የሚለው አነጋገር በመድረክም በቴሌቪዥንም ይሰማል። ይህ አባባል ማስረጃ የለውም። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ራሱ ፈልጎ ማግኘትን እንደ ክብር የሚቆጥር፣ ቅኔውን ያብራሩለት እንደሆነ የሚያዝን ሕዝብ ግምት መያዝ አያቅተውም። ከቴሌቪዥኑ ምሥረታ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት የነገሩት፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሣህሉ፣ ሁላችን «አባባ ተስፋዬ» የምንላቸው፣ ሕፃናትን የያዙት በምን ነበር? ጦጣና አያ ጅቦ በተገናኙ ጊዜ ማን እንደሚታለል ልጁ ሁሉ አስቀድሞ ያውቃል። የሚጠብቀው እንዴት እንደሚታለል ነው። ይህ የጆንስ ሕግ ነው፤ በእኛ ምድጃ ዙሪያም ሲሠራበት ኖሯል።

ሁለተኛውና የከፋው ፈተና ፊትን መዋስ ነው። የፊት ገጽታ የዓለም ሁሉ ቋንቋ ነው ይባላል፤ በከፊል ብቻ እውነት ነው። በአሜሪካ ካርቱን ከፍ ያለ ቅንድብ መገረም ወይም ጥርጣሬ ነው። በእኛ ዘንድ ቅንድብን አንዴ ከፍ አድርጎ መመለስ «አዎን» ማለት ነው፤ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ ማጽደቅም አለ። በውጭ ፊልም ዓይኑን የሚሰብር ሰው የሚደብቀው ነገር አለው፤ በእኛ ዘንድ በታላቅ ሰው ፊት ዓይኑን የሚሰብር ልጅ ጨዋ ነው። ከንፈር መምጠጥን የውጭው ሠዓሊ የት ያውቀዋል? እንግዲህ የኮዮቴውን ፊት ቀድቶ ለሐበሻ ገበሬ ወይም ለሐበሻ ጸሐፊ ቤት ሹም የሚያለብስ ሠዓሊ ሁለቱንም ያጣል፤ የእርሱ ተመልካች በኑሮው ያጠራቀመው ዕውቀት በዚያ ፊት ላይ የሚያነበው የለውምና።

የራሳችን ሀብት ግን አለ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን በብዙ ሥዕሎቻቸው ጻድቁን ሁለት ዓይኑ እስኪታይ ፊት ለፊት፣ ክፉውን ግን በጎን አንድ ዓይኑን ብቻ አሳይተው ይሥሉ ነበር። ይህ የፊትን አቀማመጥ የሰውን ልብ መግለጫ ያደረገ፣ ማንም ሳያስረዳው ምእመኑ የሚያነበው ሥርዓት ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ ቀስ በቀስ ከፊት ለፊት ወደ ጎን ሲዞር የሚፈጠረውን ግምት የሚሞክር ካርቱን ሠሪ ቢገኝ ምን ያህል ነገር በእጁ ነው! ደግሞም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና የምትስቅ እናት አለችን። ሳቋን የምናነበው ከዓይኗና ከትከሻዋ ነው። ኒክ ፓርክ ለውሻው አፍ በመንሳት ያገኘውን እርሷ በጨዋነት ስታደርገው ኖራለች። ሠዓሊዎቻችን ከኮምፒዩተሩ ፊት ከመቀመጣቸው በፊት በገበያ፣ በለቅሶ ቤት፣ በዕድር ስብሰባ፣ በአውቶቡስ ወረፋ እነዚህን ፊቶች እየሣሉ መሰብሰብ ይገባቸዋል።

ለመምህራንም አንድ ቀላል መልመጃ ማቅረብ ይቻላል። አንድ አስቂኝ ካርቱን ድምፁን ዘግቶ ማሳየት፤ ገጸ ባሕርዩ ከመውደቁ በፊት ፊልሙን ማቆም፤ ከዚያም ተማሪዎቹን ሁለት ነገር መጠየቅ ነው፦ «አሁን ምን ይሆናል?» እና «እርሱ ምን እያሰበ ነው?» ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከጠፋ ደራሲው ግምት አልሰጠም። ለሁለተኛው መልስ ከጠፋ ሠዓሊው ፊት አልሰጠም። ለሁለቱም መልስ ተገኝቶ መልሶቹ የማይስማሙ ከሆነ፣ ማለትም ተማሪው «ይወድቃል፣ እርሱ ግን የደረሰ መስሎታል» ካለ፣ ያ ሥራ ያስቃል። ይኸው ፈተና ለመድረክ ኮሜዲም ያገለግላል።

ሳቅ በተመልካችና በጠቢብ መካከል የሚደረግ የመተማመን ውል ነው። ጠቢቡ «ታውቃለህ» ብሎ ለተመልካቹ ዕውቀት ይሰጣል፤ ተመልካቹም በዚያ ዕውቀት ቀድሞ ሄዶ ይጠብቀዋል። ፊቱን የሚያጣምም ተዋናይ፣ ገጸ ባሕርዩን ሳያሳስብ የሚጥል ሠዓሊ ይህን ውል አፍርሶ ተመልካቹን ሊኮረኩረው ይነሳል። ተኮርኩሮ የሳቀ ሰው ደግሞ እጁ ሲነሳለት ወዲያው ዝም ይላል፤ የሳቀበትንም አያስታውስም።